ባሕሩን ሰርግ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ

“የሞተው የማን ወንድም ነው? ያንተ ነው የኔ?” አለኝ ጌትነት።

ወንድሙ ያንተ ነው፣ ግጥሙ ግን የኔ ነው አልኩት። የቆምነው ወልድያ፣ ከአንድ የሞባይል ሱቅ በላይ ባለች፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን በተለበጠች የድምፅ መቅጃ ክፍል ውስጥ ነው። በዋዜማው ጌትነት መድረክ ላይ ነበር። የመድረክ መሪው ይህን ዘፈን ማን ጻፈልህ ብሎ ሲጠይቀው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከሐዘኔ የወጣ ነው፣ የራሴ ነው አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከሕዝቡ መሐል ቆሜ እኔም አጨበጨብኩ። በገዛ እጄ።

“ሐዘን ደራሲ የለውም፣ ሰይዶ” አለኝ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እየመለሰ። “ደግሞስ ማን ያውቅሃል? ሚሞሪ ጫኝ አይደለህ እንዴ?”

ሥራዬን ነው የጠራው፤ ስድብ አልነበረም። መርሳ ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ተቀምጬ በገበሬው ስልክና ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና መንዙማ እጭናለሁ። ግን ያቺ ቃል አንጀቴ ውስጥ ተሰንቅራ ቀረች። ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግኩትን ለእናቴም፣ ለጓደኛም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሙስሊም ነኝ፤ የምናዘዝለት የንስሐ አባት የለኝም። በሰውና በአላህ መካከል ያለው ጥፋት በተውበት ይታጠባል፣ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ብሎ ይቅር ሳይል አይፋቅም ሲሉ ነው እየሰማሁ ያደግሁት። እንግዲህ አንተ ይህን የምታነበው ልታነጻኝ አትችልም። ብቻ ስማኝ።

ዘፈኑ “ባሕሩ” ይባላል። የጌትነት ታላቅ ወንድም ምስጋናው በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ሲሻገር ጀልባዋ ተገለበጠች። አብሮት የነበረ የግራና ከተማ ልጅ ተርፎ ደወለ፤ ሲሰምጥ አይቼዋለሁ አለ። ሬሳ የለም። እናታቸው እማማ ዘነቡ ፎቶውንና ጃኬቱን አልጋ ላይ ዘርግተው ውርጌሳ ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ጣሉ። እኔም ከጎረቤት ልጆች ጋር ውኃ እየቀዳሁ፣ ወንበር እያመላለስኩ እዚያው ሰነበትኩ። እማማ ዘነቡ እንደ ሌላው ሰው ደረታቸውን አይደቁም ነበር። የገባውን ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቁ ነበር። ያንን ባሕር የሚያውቅ ሰው የለም? ልጄን የት እንዳደረገው የሚጠይቅልኝ የለም?

ከዚያ ነው የጻፍኩት።

ባሕሩን ብጠይቀው ልጄ የት እንዳለ፣
ሰው እንዳልዋጠ ሁሉ ዝም ብሎ ዋለ።

ለጌትነት ሰጠሁት። በአምባሰል ቅኝት፣ ቀስ አድርጎ፣ ድምፁ ሊሰበር እየደረሰ ዘፈነው። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ያለቅስበት ጀመር። በየቤቱ ባሕር የሄደ አለና። አንድ ነገር አሁን ልጨምር፦ የኔ ነው ብዬ የጮህኩበት ግጥም ግማሹ የእማማ ዘነቡ አፍ ነው። ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም። ወይስ ታይቶኝ ዋጥኩት? ጌትነትን ሌባ ስል እኔስ ምን ነበርኩ?

ከወልድያ እንደተመለስኩ በየሰርጉ ኪቦርድ የሚጫወት አንድ የመርሳ ልጅ ፈልጌ አገኘሁ። ዜማውን አትንካብኝ፣ ፍጥነቱን ጨምርና ከሥሩ ችክችካ አስገባበት አልኩት። የለቅሶ ነው እኮ ብሎ አመነታ። ሞክረው አልኩት። በእንጉርጉሮ ውስጥ ሰውን የሚያስለቅሰው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ በቃልና በቃል መካከል ያለው ዝምታ ነው። ያንን ዝምታ በከበሮ ስትደፍነው እንባ የሚወጣበት ቀዳዳ ያጣል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ድንኳን ውስጥም ዳስ ውስጥም ቁጭ ብዬ በጆሮዬ የለቀምኩት ነው። ያወቅሁትን ነገር መጀመሪያ ያዋልኩት ለምንድን ነው? ለበቀል።

ሁለተኛውን ስንኝ ለወጥኩት።

ባሕሩን ብጠይቀው ልጄ የት እንዳለ፣
ሙሽራ ሆኖ መጣ፣ እልል በይ አለ።

የለወጥኩት ይህን ብቻ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሰማውም ነበር፣ እኔም ዛሬ ይህን አልጽፍም። ግን ያምር ነበር። ኪቦርዲስቱ ራሱ እየዘፈነ ሲቀዳው ትከሻው አላስቀምጠው አለ። የሰርጉ ወር ሳይጋመስ ያለ “ባሕሩ” ሙሽራ የማይወጣ ሆነ። ከሳውዲ በደህና የተመለሰ ልጅ ሲመጣ ቤተሰቡ በር ላይ የሚከፍተው እሱን ሆነ። አንዲት እናት ልጇን አንገቱን አንቃ በዚያ ዘፈን ስትጨፍር አይቻለሁ፤ ፊቷ በእንባ ርሷል፣ እግሯ ግን መሬት አይነካም። ያን ሳይ የጻፍኩትን ወደድኩት። አንተ ብትሆን አትወድም?

ሌላም አደረግኩ። ሚሞሪ ሊያስጭን በመጣ ሰው ካርድ ላይ የጌትነት “ባሕሩ” ካለ አጠፋለሁ፤ በቦታው የሰርጉን አስገባለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላወቀም። ገበሬው ግራና ወይ ውርጌሳ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው የሚሰማው እልልታ ነው። አሮጌው የት ሄደ ብለው የጠየቁኝም ነበሩ። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆናል አልኳቸው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ጌትነት ወልድያ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ መድረክ ሲወጣ ሄጄ ቆምኩ። “ባሕሩን” ብሎ ቀስ አድርጎ ሲጀምር ወጣቶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ አፍጥነው አፍጥነው አሉት። አንዱ እስክስታ ወረደ። ጌትነት ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ታገለ፣ ከዚያ ማይኩን አስቀምጦ ወረደ። የወንድሙን ሞት እየጨፈሩበት ነበር። ደስ አለኝ። ዛሬም ሳስበው ያ ደስታ ከጥግ ብቅ ይላል፤ የለም ብዬ አልዋሽህም።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ የሁለት ወንዶች ጠብ ነበር። አላበቃም።

በገበያ ቀን እማማ ዘነቡ ሱቄ መጡ። ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው። የሚያስጭነው ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ በር ላይ ቆመው ጠበቁ፣ ከዚያ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከውርጌሳ ሲመጡ ሚኒባስ ውስጥ ዘፈኑን ሰምተውት ኖሯል።

“ሰይዶ፣ በእናትህ እውነቱን ንገረኝ” አሉኝ። “ምስጋናው ተገኘ እንዴ?”

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እሳቸው ራሳቸው ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ። በደርግ ጊዜ ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት የጎረቤታቸው ልጅ በእግሩ ሲመጣ፣ ያለቀሰችለት ሴት ያንኑ የሙሾዋን ግጥም ገልብጣ በእልልታ ዘፍናለታለች። ሙሾ እንዲሁ አይገለበጥም፤ የሚገለበጠው ሟቹ በሕይወት ሲገኝ ነው። ለእሳቸው ዘፈኑ ዘፈን አልነበረም፣ መርዶን የሚያፈርስ የምሥራች ነበር። ልጃቸው የት እንዳለ ሲጠይቁ ኖረው፣ ባሕሩ መለሰላቸው።

አልተገኘም፣ እኔ ነኝ የገለበጥኩት፣ ከልጅዎ ጋር ተጣልቼ ነው ማለት እችል ነበር። ምን ይከብዳል? ይደነግጣሉ፣ ይረግሙኛል፣ ይሄዳሉ። ግን በዚያው ቀን ጠዋት ጌትነት ደውሎ በግጥሙ ጉዳይ ምቀኛ ብሎኝ ነበር፤ ጆሮዬ ገና ትኩስ ነው።

“ጌትነትን ይጠይቁት፣ እማማ” አልኳቸው። “እሱ ሳያውቅ አይቀርም። ደብቆዎት ይሆናል።”

“ምን ሊሆን ይደብቀኛል?”

“ምስጋናው አለ ከተባለ የእሱን ዘፈን ማን ያለቅስበታል?”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፌ አምልጦኝ አይደለም። ስንኝ እንደምመርጥ፣ የቱ ቃል የት እንደሚወጋ አውቄ፣ መርጬ ነው ያልኩት። አንዱን ልጃቸውን በሌለበት አስነሣሁት፣ ያለውን ልጃቸውን በሕይወት ቀበርኩት። በአንድ ዐረፍተ ነገር። የተሻለ አጭር ነገር ጽፌ አላውቅም።

እማማ ዘነቡ በማግስቱ ጥቁሩን አወለቁ። ነጭ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ እልል ሲሉ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ አንዳንዱ አብሮ እልል አለ፣ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ጌትነት ከወልድያ ሲበር መጣ። ውሸት ነው ብሎ ማለ፣ እግራቸው ላይ ወደቀ፣ የግራናውን ልጅ ስልክ ላይ አቀረበላቸው። በማለ ቁጥር እሳቸው የኔን ቃል አመኑ። ለምን ይህን ያህል ይምላል? የወንድምህ ሞት እንጀራህ ሆኖብህ ነው ብለው ከቤት አስወጡት። ይህን ማን እንደነገራቸው አልነገሩትም፤ በሰይዶ ላይ ጥርስ አላስነክሰውም ብለው ነው። ጌትነት ኮምቦልቻ ገባ። እስካሁን እዚያ ነው፣ የእናቱን ደጅ አልረገጠም፣ ከእናቱ ማን እንዳጣላውም አያውቅም።

እኔንስ? እኔን ወደዱኝ። እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው እያሉ በየገበያው ቀን ከጓሯቸው ማንጎ ያመጡልኛል። እየላጡ ያጎርሱኛል። የሰርጉን ዘፈን በስልካቸው ጫንኩላቸው፤ ያን የድሮውን ሟርት አጥፋልኝ ሲሉኝ አጠፋሁት። ምስጋናው ሲመጣ የሚያነጥፉለትን አንሶላ አሳይተውኛል። ዘፈኑን ሲሰሙ ፊታቸው እንደ ልጃገረድ ይበራል፤ ያንን ብርሃን የሰጠሁ እኔ ነኝ፣ ውሸቱም የኔ ነው። እንዴት አድርጌ አንዱን ከሌላው ልለየው? ቂሜን ይዤ ሰገድኩ፣ ቂሜን ይዤ ጾምኩ፣ ማንጎውንም በላሁ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ግጥም እንድጽፍላት መጣችና፣ እንደ “ባሕሩ” ያለ፣ ሐዘንን ደስታ የሚያደርግ አለችኝ። አልጽፍልሽም ብዬ ሸኘኋት። ከአሱር ሶላት በኋላ ሱቁን ዘግቼ እማማ ዘነቡ ቤት ሄድኩ።

ለእሳቸው ብቻ ነው የሄድኩት። ለጌትነት አልደወልኩም፣ አልደውልም። ስሜን ያልጠራ ሰው ፊት ለመንበርከክ ጉልበቴ አይታጠፍልኝም። ይህም ጥፋት ነው፣ ከላይ ባለው ላይ ደርበው። ይህን ካነበበ እናቱን ማን እንደነጠቀው ይወቅ።

እማማ ዘነቡ ቤቱን ጠርገው፣ በር ከፍተው ተቀምጠው ነበር። ግባ የኔ ልጅ አሉኝ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዘፈኑን እንዴት እንዳስገለበጥኩት፣ ለምን እንደዋሸሁ፣ ጌትነት ምንም እንዳልደበቀ። ምስጋናው እንዳልተገኘ።

“ማን ላከህ?” አሉኝ ስጨርስ።

“ማንም አልላከኝም፣ እማማ።”

“ጌትነት ነው። ምን አድርጎልህ ነው?”

“ከተጣላን ቆየን እኮ። ራሴ ነኝ የመጣሁት። ዋሽቼዎታለሁ።”

“ያኔ ልጅ ነበርክ፣ ልጅ አይዋሽም” አሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም። “አሁን ጎረመስክና ውሸት ተማርክ። ስንት ጊዜ ነው የምትቀብሩብኝ?”

ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አውፍ ይበሉኝ አልኳቸው። ሐቅዎ አንገቴ ላይ ነው፣ እርስዎ ካላሉኝ አይወርድልኝም አልኩ። ዝቅ ብለው አዩኝ። የሚያዝኑልኝ መሰለኝ። ያልተበደለ ሰው ምን ብሎ አውፍ ይላል? ምንም አልወሰድክብኝም እያለኝ ለነጠቅሁት ሰው ምን እመልሳለሁ?

“ተነሣ” አሉኝ። “አውፍታ ከፈለግክ ምስጋናው ሲመጣ እሱን ለምነው። ዛሬ የቀበርከው እሱን ነው።”

ተነሣሁ። አልፈውኝ ሄደው ገርበብ ያለውን በር ወለል አድርገው ከፈቱትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማሁት።