የጨው መንገደኞች ጥላሸት

ከዓይናቸው ሥር ጥቁር ቀለም የተቀቡ ስፖርተኞች በቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር ጣቢያውን አስቀይራለሁ። የመጨረሻው ልጄ ይስቅብኛል። «እማዬ፣ ፀሐዩ እንዳያንጸባርቅባቸው እኮ ነው» ይለኛል። እሱ ሳይወለድ የማውቀውን ሊያስተምረኝ! አሁን አሁን መልስ መስጠቱም ይደክመኛል።

ባለቤቴ ጨው ነጋዴ ነበር። ከሰቆጣ ከነጋዴዎች ቅፍለት ጋር አህያ እየነዳ አሞሌ ወደሚቆረጥበት የአፋር በረሃ ይወርዳል። እዚያ ምድሩ ሁሉ ነጭ ጨው ስለሆነ ፀሐይ ከታችም ትመጣለች፤ ጥምጥም ከላይ የሚወርደውን እንጂ ከታች የሚመጣውን አይመልስም። ላብ ያወዛው ጉንጭ ደግሞ ያንን ብርሃን መልሶ ዓይን ውስጥ ይጨምረዋል። ስለዚህ ወንዶቹ ጥላሸት በቅቤ ለውሰው ከዓይናቸው ሥር ይቀቡ ነበር። ጥላሸቱን ከድስት ቂጥ የምፍቀው እኔ ነኝ። እጄ እስከ ክንዴ ይጠቁራል፣ ቅቤውም ለወጥ ያስቀመጥኩት ነው፣ እነጫነጫለሁ። «ዓይኔ ከጠፋ ማን ሊያበላን ነው?» ይለኛል። እውነቱን ነበር፤ መሬታችን ድንጋይ ነው።

በእኛ አገር ግን ፊቱን አጥቁሮ የሚመጣ ሰው መርዶ የያዘ ነው። ስለዚህ ሲመለሱ ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቀው ወንዝ ወርደው ፊታቸውን በእንዶድ ይታጠባሉ። በበረሃው ሽፍታ አለ፣ ወባ አለ፣ ጥም አለ። ከመካከላቸው ሰው የሞተ እንደሆነ ሳይታጠቡ ይገባሉ። እኛ ሚስቶች ዳገቱ ላይ ቆመን መጀመሪያ የምናየው ፊታቸውን ነበር።

ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በዚያ የድርቅ ጊዜ፣ ቅፍለቱ ከልማዱ በላይ ቆየ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ ተባለና ሮጥን። የሁሉም ፊት ጥቁር ነበር፤ ከግንባር እስከ አገጭ ተለቅልቋል። ባለቤቴን ልለየው አልቻልኩም። ጎረቤቴ ነጠላዋን አሸርጣ ደረቷን ትደቃ ጀመር። እኔም ጮኽኩ። የማን ባል እንደሞተ ሳናውቅ ሁላችንም የየራሳችንን ባል አለቀስን።

የቅፍለቱ አለቃ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ፊት ፊት ይመጡ ነበር። እግራቸው ሥር ወደቅን። «አባቴ፣ የማናችን ነው? ይንገሩን!»

«ማንም አልሞተ። ተነሡ እናንተ» አሉን።

ባለቤቴ ከኋላ አንዲት አንካሳ አህያ እየጎተተ መጣ። ሳየው ከደስታዬ ንዴቴ ቀደመ። ደረቱን በቡጢ መታሁት። «አንተ ሰውዬ፣ መታጠብ አቃተህ? ገደልከኝ እኮ!»

«በምን ልታጠብ?» አለኝ። «ወንዙ ደርቋል። ብንቆፍርም አሸዋ ነው። በጋቢ ብንጠርገው ባሰበት።»

የከተማው ምንጭ ከቀጠነ ሰንብቷል፤ እሱ ቢነጥፍ ከብቶቻችንን ይዘን ወደዚያ ወንዝ እንወርዳለን ብለን ነበር ተስፋ ያደረግነው። ሌላ ያሰብንበት ቦታ አልነበረም።

ቤት ስንገባ ይታጠብበት ብዬ ከእንስራው ግርጌ የቀረውን ውሃ በቅል ቀዳሁለት። ቅሉን ተቀብሎ አየኝ። «ለፊት?» አለ። ግማሹን ጠጣና የቀረውን ለልጆቹ ሰጠ። በሕይወት ስለመጣልኝ እልል ማለት ነበረብኝ፤ አቅም አጣሁ።

በማግስቱ ልጆቹን አህያ ላይ አስቀምጠን ከሰቆጣ ወጣን። መንገዱ እንደኛው በሚሰደድ ሰው ተሞልቷል። ባለቤቴ ጥላሸቱ ገና ከፊቱ አልለቀቀም ነበርና ያየው ሁሉ ቆም እያለ «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል። የሞተብን የለም ብሎ ይመልስላቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ለእያንዳንዱ «አሜን» እያለ አለፈ።