የአባቴ ግራ እግር

አባቴ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ይሸጣል። አምና የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለው ቤታችን ተመለሰ። ሲያሰናብቱን ቀስ እያለ እንዲንቀሳቀስ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም እግሩ ካበጠ ቶሎ እንድንመጣ ነግረውን ነበር።

የእኛ ዓይን ግን ቁስሉ ላይ ብቻ ነበር። እናቴ በየጠዋቱ ሸሚዙን ገልጣ ታይና "እሰይ፣ ደርቋል" ትላለች። ከዚያ ሶፋው ላይ አስቀምጣ እግሩን በጋቢ ትጠቀልለዋለች። ጠያቂ ሲመጣ እንኳ ብድግ እንዲል አትፈቅድም። ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ነውና እንክብካቤው ተመችቶት ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴን እግሩ ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። መዳፏ ላይ ቅቤ ይዛለች።

"ባቴን አመመኝ አለኝ፤ ላሸው ነው" አለች።

ጋቢውን ገለጥኩት። ግራ ባቱ ከቀኙ በግልጽ ወፍሯል፤ የካልሲው ጠርዝ ያረፈበት ቦታ ሰርጉዷል። ስነካው ይሞቃል።

"አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከትናንት። ቁጭ ብዬ ስለዋልኩ ነው፤ ይለቀኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?"

እናቴን በዓይኑ ጠቆመኝ። "እሷ እንቅልፍ የተኛችው ገና ሰሞኑን ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሆስፒታል የነገሩን ትዝ አለኝ። "እማዬ፣ እንዳታሺው" ብዬ እጇን ያዝኩ።

"ሲያመው ሁሌም እኔው ነኝ የማሸው" አለች ቅር ብሏት። ፊቴን ስታይ ግን ተወችው።

ታክሲ ጠርተን ወጣን። ሲኒማ ራስ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም ትንፋሽ አጥሮት እንደሆነ ደጋግሜ ጠየቅኩት። እሱ የሚጨነቀው ለሌላ ነገር ነበር። "እጅሽ ቅቤ ነው፤ የሰውየውን ወንበር እንዳታበላሺ" ይላታል እናቴን።

ሆስፒታል በአልትራሳውንድ ሲታይ እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። ሐኪሟ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችል እንደነበርና አለመታሸቱ ጥሩ እንደሆነ ነገረችን። እናቴ ይህን ስትሰማ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻቸው። አባቴ አንዱን ፈልጎ አወጣና ያዘው።

"በምን ታውቂዋለሽ" አላት።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተጀመረለት። እብጠቱ እየቀነሰ ሲሄድ ሐኪሟ በየቀኑ እንዲራመድ አዘዘችው። እናቴ ብቻውን አልሰደውም ብላ ክንዱን ይዛ እስከ ሸማ ተራ ታመላልሰው ጀመር። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ እንዲያ ተያይዘው አይቻቸው አላውቅም። ጎረቤት ነጋዴዎች "ሙሽሮቹ መጡ" ሲሉ አባቴ ያፍራል፤ ክንዱን ግን አይነጥቃትም።

አሁን እግሩ ድኗል፤ መድኃኒቱንም ጨርሷል። ቢሆንም ከቤት ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

"ሐኪሟ እኮ ይብቃ አላለችም" ይላታል፣ ክንዱን እየሰጣት።