ብብቴ የጸሎት ርዕስ የሆነ ሰሞን

ከኳየራችን የወረድኩት ድምፄ ስለተበላሸ አይደለም። ቀኝ ብብቴ ሥር ምስር የምታህል እብጠት ወጣች፤ ሰንብታ ባቄላ አከለች፤ ከዚያ ፈረጠች። ዳነች ብዬ ሳልጨርስ ከጎኗ ሌላ በቀለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህ አራት ጊዜ ሲደጋገም እጄን ከትከሻዬ በላይ ማንሳት ተውኩ። ለቡ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ እጅ የሚነሳባት ናት። በአምልኮ ሰዓት ሁለት እጁን ያላነሳ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ አንድ ነገር አለበት። አሥር ዓመት የዘመርኩ ሰው እንግዳ ነኝ ማለት አልችልም።

የፈራሁትን ልናገር፤ የፈራሁት ካንሰርን ነው። ያኔ ስሙን በሆዴ እንኳ አልጠራውም ነበር። ሐኪም ጋ ያልሄድኩትም ስሙን እንዳይጠራብኝ ነው። ሞኝነቴን እዩልኝ፤ ሐኪም ሸሽቼ ሐኪም ላልሆነ ሰው ሁሉ ብብቴን ሳሳይ ከረምኩ።

ሀና ማርያም ሰፈር ሐኪም ያልሆነ ሐኪም ሞልቷል። የመጀመሪያዋ አከራዬ ናቸው። እኔ ጴንጤ፣ እሳቸው የማርያም ወዳጅ፣ ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ ተዋደን ኖረናል። እንደ ታመመች ዶሮ ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ ልብስ ሳሰጣ አዩኝና፣

"ምን ሆነሻል ልጄ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አሉኝ።

አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው እንኳ ሳያዩ "ምች ነው፤ ላብሽ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ወጥተሻላ!" ብለው ዳማ ከሴ አሽተው ቀቡኝ። በሳምንቱ ሲብስብኝ "እንግዲያው ዓይን ነው" አሉ።

"ብብቴን ማን አይቶት ነው እማማ?"

"እሱንማ አንቺ ነሽ የምታውቂው" ብለው እየሳቁ በሃይላንድ ሙሉ ጠበል አመጡልኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች አልተናገርኩም እንጂ ጠጥቼዋለሁ።

የቢሮ ባልደረባዬ ምክንያቱን ከስልኳ ላይ አገኘችው፤ ዲኦድራንት ነው አለችኝ። ተውኩት። በሁለተኛው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ማንም ሳይጠይቃቸው መስኮት ከፈቱ። እናቴ በስልክ "ምላጩን ተይው" አለችኝ። ለእውነቱ የቀረበችው እሷ ነበረች፤ ግን እሷም እንደ ሌሎቹ በእርግጠኝነት ስለተናገረች አላመንኳትም።

ከሁሉ የከበደውን ምክንያት ያመጣው የኳየር መሪያችን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ያላየውን ማወቅ ይወዳል። አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"እህቴ፣ ጌታ ስላንቺ ሸክም ሰጥቶኛል።"

"ምነው ወንድሜ?"

"እጅሽ አይነሳም። የመጀመሪያው ፍቅርሽ ቀዝቅዟል። የተደበቀ ነገር ካለ አውጪው።"

ደነገጥኩ፤ እውነትም የተደበቀ ነገር ነበረኛ! አወጣሁት። በጥሞና ሰማኝ፣ እንባም አቀረረ፣ በሁለታችን መካከል እንደሚቀር ቃል ገባልኝ። ቤቴ ሳልደርስ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ "የጸሎት ርዕስ፤ ስለ አንዲት የኳየር እህታችን ብብት። ስሟን ጌታ ያውቃል" የሚል ተለጥፎ አገኘሁ። እጇን የማታነሳ ዘማሪ አንዲት ብቻ ስለሆነች ግሩፑም አወቃት። በማግስቱ እህቶች ሲስሙኝ ቀኝ ጎኔን እየሸሹ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት መሪያችን ውሳኔውን ይዞ መጣ። "ለጊዜው ከኳየሩ ወርደሽ ከምእመኑ ጋር ተቀምጠሽ ተገልገይ። ጌታ ሲፈውስሽ ትመሰክሪና ወደ ቦታሽ ትመለሻለሽ" አለኝ። ከአዳራሹ እስከ መብራት ኃይል ታክሲ መያዣው ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ። ቤቱ የኪራይ፣ ሥራው የሰው ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ የኔ የምለው ኳየሩ ውስጥ የምቆምባትን ያቺን ሁለተኛ ረድፍ ብቻ ነበር።

ሐኪም ጋ የሄድኩት እንግዲህ በንዴት ነው እንጂ በብልህነት አይደለም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ክብደት ቀንሰሽ እንደሆነ፣ ሌሊት ያልብሽ እንደሆነ፣ ሳል፣ እጅሽ ላይ ቁስል ነበረ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንገቴንም ጡቴንም ዳሰሰች፤ አልትራሳውንድ አዘዘች። ውጤቱን አነበበች።

"ካንሰር አይደለም" አለችኝ፤ እኔ ዓመት ሙሉ የሸሸሁትን ስም እንደ ዋዛ ጠርታ። "ንፍፊትም አይደለም። ፀጉርሽ የሚበቅልባቸው ቀዳዳዎች እየተደፈኑ የሚያብጡበት የቆዳ በሽታ ነው። ከቆሻሻ አይመጣም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። ምላጭና ጠባብ ልብስ ያባብሱታል፤ በእጅሽም አታፍርጪው። መድኃኒት እሰጥሻለሁ፣ ይቀልልሻል። ግን ሊመለስ ይችላል።"

"ምን አጥፍቼ ነው?" አልኳት። ለካ የመሪያችንን ቃል እኔም አምኜው ኖሯል።

"ምንም" አለችና ማዘዣውን ጻፈች።

መድኃኒቱ ረዳኝ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳይወጣ ቀረ። መሪያችን ሲሰማ ከልቡ ተደሰተና "እሁድ ትመሰክሪያለሽ!" አለኝ።

"ወንድሜ፣ ሊመለስ ይችላል ብላኛለች እኮ።"

"እሱን ማንሳት ምን ያደርጋል? ፈጽሞ ተፈወስኩ በይ፣ በቃ።"

ሁለት ቃል ብቻ ነው። ቦታዬን በጣም ስለናፈቅኩ ሚኒባስ ውስጥ በልቤ ተለማመድኩት፤ ጥሩ ወጣልኝ። እሁድ ጠዋት ስታጠብ ግን በግራ ብብቴ ሥር አዲስ እብጠት ዳሰስኩ።

መድረኩ ላይ ወጥቼ ማይኩን ያዝኩ። "ወገኖች" አልኩ፤ "ሕመሜ የቆዳ በሽታ ነው። ኃጢአት አይደለም፣ አይተላለፍም። ታክሜ ተሽሎኝ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት በግራ በኩል ተመልሷል። እጄን የማላነሳው ስለሚያመኝ ነው።"

ለአሜን የተዘጋጀው ጉባኤ የት ላይ አሜን እንደሚል ጠፋው። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከልማድ "ሃሌሉያ!" አሉ። መሪያችን እጁን ሲዘረጋ ማይኩን ሰጠሁትና፣ ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆምኩ። ሰው ፊት ሊያወርደኝ አልደፈረም። እጆቼን ወደ ታች አድርጌ ዘመርኩ።

ስንወጣ አንዲት ሴት እጅጌዬን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ። የመሪያችን ባለቤት ናት።

"የሐኪሟን አድራሻ ላኪልኝ" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ለማን ነው?"

ክንዷን ከጎኗ አጣበቀች። "ከሠርጋችን በፊት ነው የጀመረኝ።"

በየእሁዱ ከፊት ወንበር ላይ እጇን ወደ ላይ እንደዘረጋች አምልኮው የሚያልቅላት ሴት ናት። እንባዋ ሲወርድ፣ መንፈስ ነክቷት ነው እያልን እንቀናባት ነበር።

"እሱስ አያውቅም?" አልኳት።

"እሱ የሚያየው እጄ መነሳቱን ነው" አለችኝ።