ሊዮን ላይ ለአዮ የከደንኩት ሳህን

በማግስቱ ወደ ፈረንሳይ ልሄድ፣ አዮ የምንላት እናቴ ማታ አንጮቴ ቀቀለች። መስቀል ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። እናንተ ነቀምቴ ያላችሁ እንደምታውቁት አንጮቴ ወይ በመስቀል ይበላል፣ ወይ አራስ ቤት፣ ወይ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲኖር። ታናሽ እህቴ ጫልቱ ነገር አይጠፋትምና፣ «ማን ወልዶ ነው? ወይስ የማን አጥንት ተሰበረ?» አለች። እናታችን ሙቀጫው ላይ እንዳጎነበሰች፣ «የእኔ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ማናችንም አልሳቅንም።

ወለጋን ለማያውቅ የስደት ባልንጀራዬ ልንገረው፤ አንጮቴ ከመሬት የሚቆፈር ነጭ ሥር ነው። ተቀቅሎ ይወቀጣል፣ በቅቤና በቅመም ይታሻል፣ ትኩሱን በጣት ይበላል። ሌላ አገር በቅሎ አላየሁም። አለ የሚል ካለ ይጻፍልኝና ልስደብ።

በቤታችን ደግሞ አንድ ልማድ ነበረ። የቤቱ ሰው መንገድ ከወጣ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ድርሻው ይቀመጥለታል። ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ሳህኑ በሌላ ሳህን ተከድኖ ያድራል፤ ጠዋት ለመጀመሪያው እንግዳ ይሰጣል። አባቴ በሕይወት ሳለ ለንግድ ወደ ጊምቢ ሲወርድ አዮ እንዲህ ስታደርግለት አይቻለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ አንድ ጊዜ ቤታችን መጥቶ፣ «ይሄ የድሮ እምነት ነው፣ ተይው» ቢላት፣ «ለቤቴ ሰው ምግብ ማስቀመጥ ኃጢአት ከሆነ አንተም የበላኸውን መልስ» አለችው። እሱም የአዮን ጩምቦ፣ በቅቤ የራሰውን ወፍራም ቂጣ፣ በልቶ መጨረሱ ነበርና ጣቱን እየጠረገ ተሰናበተ።

ያን ማታ እጃችንን ስንታጠብ ክንዴን ያዘችኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ አስቀምጥልሃለሁ። አንተ ግን እዚያ ሆነህ ለእኔ እንዳታስቀምጥ። የሚያስቀምጠው ቤት ያለው ነው። የሄደ ሰው ለቀረው ካስቀመጠለት፣ የቀረውን መንገድ ያስወጣዋል።»

«አዮ፣ ፈረንሳይ አገር አንጮቴ የለም» ብዬ ሳቅሁ።

«ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ። ሦስት መስቀል ብቻ አስቀምጪልኝ፤ አራተኛውን አብሬሽ እበላለሁ።»

ቃሌ ይሄ ነበር። የምሄደውም ለዚሁ ነው፤ ሦስት ዓመት የቶርኖ፣ የብረት ቀረጻ፣ ሥራ ተምሬ፣ ተመልሼ በከተማችን የሙያ ትምህርት ቤት ላስተምር። ጠዋት አውቶቡስ ተራ ቆማ፣ እንደ ሁሉም እናት «ናጋን ገሊ» አለችኝ። በሰላም ወደ ቤትህ ግባ ማለት ነው። በእኛ በኩል ለመንገደኛ ሂድ አይባልም፣ ግባ ነው የሚባለው። በመንገዳችን ያለችው አኖ ስንደርስ በአቧራው መሐል ዞሬ አየሁ፤ ምን ለማየት እንደሆነ እንጃ።

ባቡሩን እስከ ጅቡቲ፣ መርከቡን እስከ ማርሴይ አላወራም፤ መርከብ ላይ የበላሁትን ሁሉ ለባሕሩ መልሻለሁና የማወራው የለኝም። ሊዮን ስደርስ ግን የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ፣ እነሱ ፕሬፌክቱር ይሉታል፣ አንድ መነጽራም ሰውዬ ተቀበለኝ።

«የልደት ቀን?»

«አንበጣ የገባ ዓመት ነው።»

«ቀኑን ነው የጠየቅሁህ።»

«አንበጣው ብዙ ቀን ነው የቆየው፣ ሙሴ» አልኩት፤ ጌታዬ ማለታቸው ነው።

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «እንግዲያውስ ጃንዋሪ አንድ እልሃለሁ። ከእናንተ በኩል የሚመጣው ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለደው፤ አዋላጆቻችሁ ሌላውን ጊዜ ምን ሲሠሩ ይከርማሉ?» አለና ማኅተሙን ደቃው። ይኸው እስከ ዛሬ ባልተወለድኩበት ቀን አረጃለሁ።

ክፍል ያከራየችኝ ማዳም ቡሼ የምትባል ባልቴት ናት። መጀመሪያ ቀን በሩን በሰንሰለት እንደያዘች፣ «ታጨሳለህ?» አለችኝ።

«አላጨስም፤ ጴንጤ ነኝ።»

«ሴት ታመጣለህ?»

«አላመጣም።»

«ትዘፍናለህ?»

«መዝሙር ብቻ።»

«አምላኬ!» አለች፣ «ይሄ ሰውዬ እንዴት ነው የሚኖረው?» ብላ ሰንሰለቱን ፈታችው። አፏ ሬት ነው፣ ሆዷ ግን ደግ። ጉንፋን ሲይዘኝ የምታፈላልኝን መራራ ቅጠል ጣሕም ስቀምስ፣ አገሬ ነው ወይ ያለሁት እላለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ዝናቡ ነው። የነቀምቴ ዝናብ ሲመጣ ይናገራል፤ ቆርቆሮውን ያስጮኻል፣ ይገላግላል። የሊዮን ዝናብ እንደ ኩርፈኛ አማት ነው፣ አይጮኽም፣ አይሄድም። ሰላምታቸውም ያው ነው፤ «ቦንዡር» ብለውህ መልስህን ሳይሰሙ አልፈውሃል። እኛ ጋ አካም ጂርታ ተብሎ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ጎረቤቱ ተጠይቆ፣ ገበያው እስኪፈታ ይቆማል።

ሦስቱ መስቀል አለፈ። በየዓመቱ ጫልቱ፣ «ድርሻህ ተቀምጦልሃል፣ ዘንድሮ ጠዋት የበላልህ ከቢላ ከተማ የመጣ እንግዳ ነው» እያለች ትጽፍልኝ ነበር። ያን ሳነብ ነው ቤት አለኝ የምለው። ታዲያ በአራተኛው ዓመት፣ ዲፕሎማዬን በተቀበልኩ በሳምንቱ፣ የምለማመድበት ፋብሪካ ኃላፊ ጠርቶ ቋሚ ሠራተኛ ላርግህ አለኝ። ሁለት ቀን አሰብኩ። ማሰብ ስል፣ ልቤ አስቀድሞ የወሰነውን ሌላው ሰውነቴ እስኪሰማ ጠበቅሁ። ፈረምኩ። ለአዮ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። አገር ቤት ይህን የሚያውቅ አንድም ፍጡር አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ማዳም ቡሼ ስትሰማ አጨበጨበች። «እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ይበላል እንጂ አይወራም» ብላ፣ ከወንዙ ዳር ያለ ትልቅ ሬስቶራንት ጠቆመችኝ፤ ከንቲባና ሐኪም የሚበላበት ነው። ሄጄ ለእሑድ ምሳ ጠረጴዛ ያዝኩ። ለሁለት ሰው አልኩ። በጣቴም አሳየሁ፣ ፈረንሳይኛዬ ቢከዳኝ ጣቴ አይከዳኝም ብዬ።

እሑድ ዕለት ክራባት አስሬ፣ ማዳምን ክንዴ ላይ ይዤ ገባሁ። ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሽማግሌ አስተናጋጅ ወደ መስኮቱ መራን። ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ለሦስት ሰው ነበር። ሦስት ሳህን፣ ሦስት ብርጭቆ፣ ሦስት ወንበር።

«ሁለት ነን» አልኩት።

መዝገቡን አምጥቶ አሳየኝ። ስሜ አለ፣ አጠገቡም ሦስት ቁጥር በንጹሕ ጽሕፈት ተጽፏል። «ቦታውን ሲይዙ እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ ሙሴ። ሦስተኛዋ እመቤት ዘግይተው ይመጣሉ ብለውኛል።»

እመቤት አለ። እኔ ስለ እመቤት አላወራሁም። ማዳም ቡሼ ሳቀችና፣ «ይቀመጥ ተወው፣ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ» አለች። ቦርሳዋን ግን ወንበሩ ላይ አላስቀመጠችም። ሁለት ጊዜ እጇን ዘርግታ፣ ሁለት ጊዜ መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ምግባቸው ደግሞ በየተራ ነው የሚመጣው፣ ልክ እንደ ችሎት ቀጠሮ። መጀመሪያ በቅርፊቱ ያለ የባሕር ነገር፣ ጥሬውን፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ተንቀሳቀሰ። «ዋጠው» አለች ማዳም። ጸልዬ ዋጥኩት። ቀጥሎ ሾርባ፣ ቀጥሎ የዳክዬ ሥጋ። ከዳክዬው አጠገብ የሆነ የተፈጨ ነጭ ነገር፣ ቅቤ መሐሉ ላይ ቀልጦ ተኝቶበታል። በሹካ ጫፍ ቀመስኩት።

አንጮቴ ነው።

አይደለም፣ አውቃለሁ። አስተናጋጁን ጠይቄው የሆነ የአትክልት ሥር ስም ጠርቶልኛል። ምላሴ ግን ስም አይሰማም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ የአዮ ጎንበስ ያለ ወገብ፣ የሙቀጫው ድምፅ፣ የጫልቱ ቀልድ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። እናም ሳላስበው እጄ ሄደ። ከሳህኔ ላይ ከነጩ ቆርሼ በሦስተኛው ሳህን ላይ አደረግሁ። የሾርባዬ ሳህን ገና አልተነሣም ነበርና ጠርጌ ከደንኩበት። ልክ እሷ እንደምታደርገው፣ ዳርና ዳሩን በመዳፌ ጫን ጫን አድርጌ። ከከደንኩት በኋላ ነው የነገረችኝ ነገር ትዝ ያለኝ።

ላነሣው እጄን ዘረጋሁ። የተከደነ ድርሻ ግን ሳይነጋ አይከፈትም። ለዚህ የሠለጠነ እጄ እምቢ አለኝ።

«ምንድነው የምታደርገው?» አለች ማዳም።

«ልማድ ነው።»

«የማን ልማድ?»

«የእናቴ» አልኳት። የፈረንጅ ምሳ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያን ሳህን አልነካሁም፣ ማዳምም አልነካችም፣ ሁለታችንም ከመቀመጫችን አልተነሣንም። ውጭ ፀሐይ ነበር። ሰዎች ይስቃሉ፣ ሹካና ቢላ ይንጫጫል። ቅቤው ግን ሸተተኝ፤ የእነሱ ቅቤ ሳይሆን የእኛ፣ ነጥሮ ኮረሪማ የገባበት። ማዳም አንድ ጊዜ አፍንጫዋን አንሥታ፣ «ምን ዓይነት ሽቶ የተቀባች ሴትዮ ናት ያለፈችው?» አለች። ያለፈ ሰው አልነበረም።

አስተናጋጁ ሊያነሣ መጥቶ ክዳኑን ከፈተው። ነጩ ነገር ከግማሽ በላይ የለም። ከዳር ወደ መሐል የተጎተተ የሦስት ጣት ፈለግ ቅቤው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከወንበሩ በኩል ነው የተበላው፤ አዮ ሁልጊዜ ከራሷ በኩል ካለው ዳር ነው የምትጀምረው።

ሽማግሌው ሳህኑን አየ፣ ጣቶቼን አየ። «በአገራችሁ ሹካ የለም፣ ሙሴ?» አለኝ በትሕትና። ማዳም ቡሼ ግን አልሳቀችም። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን አልያዘችም፤ በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ፣ «ለእናትህ ደውልላት» አለችኝ።

እንደዚያ ሳምንት ፈርቼ አላውቅም። እናቴን በገዛ እጄ መንገድ አስወጥቻታለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ስልክ እንደሆነ እንደ ልብ አይደወልም። ከሊዮን ፖስታ ቤት ነቀምቴ ቴሌ ድረስ ቀጠሮ አስይዤ፣ የቴሌ ሰዎች እቤታችን መልእክተኛ ልከው፣ መስቀል ባለፈ በአራተኛው ቀን ተገናኘን። ድምፄ ራሱ ባሕሩን አቋርጦ መልሶ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፤ ሃሎ ባልኩ ቁጥር አንድ ሌላ እኔ ሃሎ ይለኛል።

ጫልቱ አነሣችው። «ኦቦ፣ ወንድሜ! ፈያዳ፣ ደህና ነህ?»

«አዮስ? አዮ አለች?»

«አለች፣ ደህና ናት፣ አጠገቤ ናት። ምን ሆነሃል?»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ ያ ሌላው እኔም ከኋላዬ ይደግመዋል።

«ብቻ» አለች ጫልቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ባለፈው እሑድ ምሳ አቅርቤላት፣ በልቻለሁ ብላ መለሰችው። ማን አበላሽ ብላት እጇን ልትታጠብ ተነሣች። መስቀል ዕለት ደግሞ አንጮቴውን ራሷ ቀቀለች፣ ለሁላችንም ሰጠች። ድርሻህን አላስቀመጠችም።»

«ረሳችው?»

«እኔም ረሳች ብዬ ቦታህ ላይ ሳህን ባስቀምጥ አነሣችው። 'እሱ ቤት አለው' አለችኝ። 'እሱ ነው አሁን የሚያስቀምጠው።' ኦቦ፣ ምን ማለቷ ነው? ትመጣ የለም እንዴ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ። «ስልኩን ስጪያት» አልኩ።

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። አዮ ስልክ ይዛ አታውቅም፤ ትንፋሿን ሰማሁት፣ ቅርብ፣ እጅግ ቅርብ፣ እዚያ ጠባብ የስልክ ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ የቆመች ያህል።

«አዮ! አካም ጂርታ?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ፣ ኢልማ ኮ። ጨው አነሰው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያስቀመጥክልኝ። ቅቤው ጥሩ ነው። ጨው ግን አነሰው።»

ያለቀስኩት ያኔ ነው። አዮ እመጣለሁ፣ የፈረምኩትን ወረቀት እቀድደዋለሁ፣ የሚቀጥለውን መስቀል አብሬሽ ነኝ አልኳት፤ እያንዳንዱ ቃሌ ወደ እኔው እየተመለሰ እመጣለሁ፣ እመጣለሁ ይለኛል። እሷ አዳመጠች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የፖስታ ቤቷ ሴት በፈረንሳይኛ ጊዜው አልቋል ብላ ገባችብን።

«አዮ፣ መርቂኝ» አልኳት በችኮላ።

እናንተ ነቀምቴ ያላችሁ፣ እናት ለመንገደኛ ልጇ ምን እንደምትል ታውቃላችሁ። ናጋን ገሊ ትለኛለች ብዬ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ተከልኩ።

«ናጋን ጂራዹ» አለችኝ እናቴ። በሰላም ኑር። እቤቱ ለሚቀር ሰው፣ መንገድ የሚወጣው ሰው የሚለው ነው።