የዳኛው ጣዲቻ ትንፋሽ

ነገሌ ቦረና ውስጥ ኳስ የሚወድ ሰው ጣዲቻን ያውቀዋል። በሥራ ቀን የስፖርት መምህር፣ እሑድ ደግሞ የከተማው ዳኛ ነው።

ጥር ላይ ውሃ አልጠግብ አለ። ደጋግሞ ይጠጣል፣ ደጋግሞ ሽንት ቤት ይሄዳል። ሱሪው ሰፋበት። ሚስቱ ሸምሳ "ኧረ ተመርመር!" ስትለው "ሙቀቱ ነው" ብሎ ይስቃል።

የካምፑና የገበያው ቡድን ለዋንጫ የተገናኙ ቀን፣ ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ጣዲቻ ሜዳው መሀል ተንበረከከና አስመለሰ። አተነፋፈሱ ሩጫ ያደከመው ሰው አተነፋፈስ አልነበረም፤ ጥልቅ፣ ፈጣን፣ ፋታ የሌለው ነበር። ከአፉ የሻገተ ፍራፍሬ የመሰለ ሽታ ይወጣል። የሁለቱም ቡድን ልጆች ተጋግዘው ባጃጅ ላይ ጫኑት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተር በፍቃዱ ስኳሩን ለካ። መሣሪያው ከሚያነበው በላይ ሆነበት። ሽንቱም ስብ ሲቃጠል በሚወጣው ኬቶን በሚባል አሲድ ተሞልቷል።

"ስኳር በሽታ ነው" አላት ወሬውን ሰምታ እየሮጠች የደረሰችውን ሸምሳን። "ኢንሱሊን ስላጣ ሰውነቱ ስብ እያቃጠለ ነው። ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሙን በከለው። እንዲህ የሚተነፍሰውም አሲዱን ለማራገፍ ነው።"

"ታዲያ ኢንሱሊኑን ስጡታ!"

"እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ የደሙን ፖታሲየም ልወቅ።"

የጨው ውሃው በደም ሥሩ እየወረደ ሳለ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ሮማነወርቅ እየሮጠች ገባች። "ዶክተር፣ ሁለት ነጥብ ስምንት! በጣም ዝቅ ብሏል!"

ነርሷ ኢንሱሊኑን አዘጋጅታ ቆማለች። ዶክተሩ እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

"ባሌ እየሞተ ምን ትጠብቃላችሁ?" ጮኸች ሸምሳ።

"እህቴ፣ ስሚኝ። ፖታሲየም ልብን በሥርዓት የሚያስመታ ጨው ነው። በሽንትና በትውከት አልቆበታል። አሁን ኢንሱሊን ብሰጠው፣ ደሙ ውስጥ የቀረችውንም ወደ ሴሎቹ ያስገባታል። ያኔ ልቡ ሊቆም ይችላል። በመጀመሪያ እንተካለት።"

ፖታሲየሙ ከጨው ውሃው ጋር ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ሸምሳ ዓይኗን የልቡን ምት ከሚያሳየው ስክሪን አልነቀለችም። ማሊያቸውን ያላወለቁት ተጫዋቾች በሩን ከበው "አካም? እንዴት ሆነ?" ይላሉ። ከሰዓታት በኋላ ደሙ እንደገና ተመረመረ። ሮማነወርቅ ዳግመኛ እየሮጠች መጣች፤ አሁን ግን ፊቷ በርቷል።

"ሦስት ነጥብ ስድስት!"

"ጀምሩ!" አለ ዶክተሩ።

ኢንሱሊኑም ፖታሲየሙም ጎን ለጎን ቀጠሉ። ያ የሚያስፈራ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ረገበ። ጣዲቻ ዓይኑን ገልጦ ሚስቱን አያት።

"ሸምሳ... ውጤቱ ስንት ለስንት ነው?"

"ሦስት ነጥብ ስድስት!" አለች፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም። ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ በር ላይ ያሉት ደግሞ ምኑም ሳይገባቸው በእልልታ አቀለጡት።

ጣዲቻ ዛሬም መምህር ነው። ኢንሱሊኑን ራሱ ይወጋል፤ ስኳሩ ድንገት ቢወርድበት ብሎም ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይይዛል። አምና ዱብሉቅ ከተማ ድረስ ተጠርቶ ሙሉውን ጨዋታ ሮጦ አጫወተ። ሸምሳም አብራው ሄዳ ነበር፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ስትጮህ ዋለች።