የወፏ ጠበቃ

ባለፈው ሳምንት የአባ ተገኘ ልጅ አንድ ፌስታል ሙሉ ደብተር ይዞ ቤቴ መጣ። አባቱ ባለፈው ክረምት አርፈዋል። «የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ አያነቡም፤ እባክሽ ወደ ዕብራይስጥ ተርጉሚልን» አለኝ። ነርስ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም ብዬ ትንሽ ተግደረደርኩና ተቀበልኩት። ሰባተኛው ደብተር ላይ ስደርስ እንዲህ የሚል ገጽ ገጠመኝ፦ «ከሳሽ፦ ግንባሯ ቀይ የሆነ የውሃ ወፍ። ተከሳሽ፦ አስቴር፣ የጎረቤታችን የወይዘሮ ትርንጎ ልጅ።» አስቴር እኔ ነኝ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳያልቅ ደግሞ እንባዬ መጣ።

አባ ተገኘ ጎንደር ውስጥ ሃያ ዓመት በጥብቅና የኖሩ ሰው ነበሩ። እናቴ እንደምትለው ሽንጣቸውን ገትረው ሲከራከሩ፣ ጉዳይ የሌለው ሰው ሳይቀር ሊሰማቸው ችሎት ይገባ ነበር። ሁላችንም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ወደ እስራኤል ከመጣን በኋላ ግን ያ ሁሉ አንደበት ዕብራይስጥ ላይ ሲደርስ ተሳሰረ። አሽዶድ ውስጥ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ፋብሪካ ዘበኛ ሆነው ሠሩ። ጡረታ ሲወጡ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሮቫ ቤት በሚሉት ሰፈራችን ያለው ሱቅ ፊት ወንበር ይዘው ይውላሉ፤ እሳቸው ግን በየማለዳው ወደ ላኪሽ ወንዝ ይወርዳሉ። በአንድ ኪሳቸው ቆሎ፣ በሌላው ደብተር። ያዩትን ሁሉ እንደ ችሎት መዝገብ ይጽፉታል። «ሽመላዎቹ በቀጠሯቸው ቀርበዋል።» «ኤሊው ያለ በቂ ምክንያት ቀርቷል።» ሰፈሩ ይስቅባቸው ነበር። እኔም ሥራ የፈታ ሽማግሌ እንዲህ ነው እያልኩ እስቅ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነዋ፣ የማላውቀው ነገር የለም።

ከመጣን በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ከሻቩዖት በዓል በኋላ፣ ወንድሜ ሊያገባ ሆነ። ሠርጉ በአዳራሽ ነው፤ እናቴ ግን ሙሽራው የሚወጣበት ቤት ቄጠማ ሳይጎዘጎዝበት ሞቼ እገኛለሁ አለች። «ወንዙ ዳር ሞልቶ የለም ወይ? ሣር ነው እኮ። ስለ ሣር ማን ይጠይቃል?» ማጭድ ከየት ይምጣ፤ የወጥ ቤት ቢላዋና ሁለት አንሶላ ይዤ ወረድኩ። ምልክቱን አይቼዋለሁ። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ በዕብራይስጥ የተማርኩ ሰው «መቁረጥ ክልክል ነው» የሚለውን ሳላነብ አልቀረሁም፤ አንብቤ እንዳላየ አለፍኩት። የተቆረጠው ቄጠማ ሲሸተኝ ጎንደር የነበረው ቤታችን ትዝ አለኝና ደስ እያለኝ አጨድኩ። ሁለተኛውን አንሶላ ስቋጥር አንድ ሰው ከኋላዬ «ሻሎም» አለኝ። የተፈጥሮ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ነው። እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ።

ስሜንና የመታወቂያ ቁጥሬን መዘገበና፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢሮ ቀርበሽ ትጠየቂያለሽ የሚል ወረቀት ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ለመጪው ዓመት የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል። ቲክ ፕሊሊ የሚሉት የወንጀል መዝገብ ከተከፈተብኝ ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው፤ ቢያንስ እኔ የሰማሁት እንዲያ ነበር። ከሠራዊት ወጥቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃ እየወለወልኩ የጠበቅሁት ነገር በሁለት አንሶላ ሣር ሊሄድብኝ ነው። በሠርጉ ቀን እስክስታ እየመታሁ የማስበው ያን ወረቀት ነበር።

የማውቀው ጠበቃ አንድ ነው፤ በማግስቱ ሄድኩባቸው።

«አባ ተገኘ፣ ምን ይሻለኛል? ምልክቱን አላየሁም ልበል? ወይስ ከገበያ ነው የገዛሁት ልበል?»

ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ከየትኛው ቦታ ላይ ነው ያጨድሽው?»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ዱላቸውን አነሡና «ቅደሚ» አሉኝ።

ካጨድኩበት ቦታ ራቅ ብለን ቆምን። ግንባሯ ቀይ የሆነ ጥቁር ወፍ ባዶ ሜዳ ላይ በቀረ ጎጆዋ ተቀምጣለች። ያ ቄጠማ መጋረጃዋ ኖሯል። አሁን ፀሐይ ታቃጥላታለች፤ ቁራዎች ደግሞ አጥሩ ላይ ሆነው ያዩዋታል።

«ስድስት እንቁላል ነበራት፤ ሁለቱን ቁራ በላው» አሉ አባ ተገኘ። «እኔ ላንቺ አልቆምም። ባለጉዳዬ እሷ ናት። ቀድማሻለች።»

እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። በወፍ የተበለጥኩ ሰው ነኝ። እኔ የሰው ልጅ፣ ጎረቤታቸው፣ ልጅ ሆኜ ያሳደጉኝ። ይሁን እንጂ «ነገ ማለዳ ነዪ፣ ቁራ የሚያባርር ያስፈልጋል» ሲሉኝ እንቢ ማለት አቃተኝ። ያችን ወፍ ካየሁ በኋላ አንጀቴ አልችል አለ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሥራ በፊት ወንዙ ዳር ነበርኩ። አሸዋው ገና ሳይሞቅ ተቀምጠን፣ ገብስና ሱፍ የተቀላቀለበትን ቆሏቸውን እየቆረጠምን፣ ቁራና ድመት እናባርራለን። የየዛፉን ጠባይ፣ የየወፉን አመጣጥ ይነግሩኛል፤ እንደ ባላንጣ ጠበቃ ሳይሆን እንደ አባት። በሁለተኛው ሳምንት አራቱ እንቁላሎች ተፈለፈሉ። ጥቁር ጥጥ የሚመስሉ ጫጩቶች እናታቸውን ተከትለው ውሃ ውስጥ ሲገቡ አባ ተገኘ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔም ወረቀቱን ረስቼ አጨበጨብኩ።

የቀጠሮው ቀን ግን ደረሰ። አባ ተገኘ ኮታቸው ላይ ነጠላ ደርበው ተከተሉኝ። ተመስገን፣ ልባቸው ራርቷል፣ ሊለምኑልኝ ነው ብዬ ነበር። ቢሮው ውስጥ አንዲት ኃላፊ ተቀምጣለች። አባ ተገኘ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ።

«አስቴር፣ የምለውን ሳትቀንሺ ተርጉሚ።»

እኛ በልጅነት የመጣን ልጆች አስተርጓሚነት ያደግንበት ሥራ ነው። ባንክ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የወላጆቻችን አፍ እኛ ነበርን። የሚመረውን አጣፍጠን፣ የማይመቸንን ዘለን እናልፋለን። አስተማሪዬ ሰነፍ ናት ስትል ለእናቴ ጎበዝ ናት ትላለች ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ የተረጎምኩ ሰው ነኝ።

«ይህች ልጅ ምልክቱን አንብባ ነው ያጨደችው» አሉ አባ ተገኘ።

ክው አልኩ። ኃላፊዋ እኔን ትጠብቃለች። ምልክቱን አላየችም ብዬ ብተረጉም የሚያውቅብኝ የለም፤ የእሳቸው ዕብራይስጥ ከሰላምታ ብዙ አያልፍም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ዞር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው በርቷል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲያ ቀና ብለው ቆመው አይቻቸው አላውቅም። የሚናገሩበት አፍ የእኔ ብቻ ነው። ብዋሽ ትምህርቴን አተርፋለሁ፤ እሳቸው ግን ያን ቀንም አልተናገሩም ማለት ነው።

«ምልክቱን አንብባለች» አልኩ በዕብራይስጥ።

ቀጠሉ፤ እኔም ቀጠልኩ። ስለ መጋረጃው፣ ስለ ሁለቱ እንቁላሎች፣ አንድም ሳይቀር። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ተከሳሿ ግን በየማለዳው መጥታ የቀሩትን አራቱን ጠብቃ አሳድጋለች። ለሞቱት ሁለቱ ካሳ የለም። ባለጉዳዬ የምትጠይቀው ልጅቷ ይህን እያወቀች እንድትኖር ነው እንጂ እንድትጠፋ አይደለም።» ይህንንም ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው የሚሉት?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ አስፈረመችኝና መዝገብ ሳትከፍት አሰናበተችን።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀመጥን። «አባ፣ ከሰሱኝ እኮ» አልኳቸው።

«ከሰስኩሽ» አሉ። ቀጥለውም እንደ ተማሪ ልጅ አፈር ብለው ጠየቁኝ። «እንዴት ነበርኩ?»

«ያምር ነበር» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ነርስ ከሆንኩ እነሆ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አማርኛ ብቻ የሚያውቁ አዛውንት ሲመጡ ለማስተርጎም የምጠራው እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ ልጆቻቸው ከሐኪሙ ጀርባ ሆነው በዓይናቸው ይለምኑኛል፤ እንዳትነግሪያቸው፣ ቀለል አድርጊው እያሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ከእነሱ ነኝ። ባለፈው ወር አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ በሽታውን እንዳልነግራቸው ክንዴን ያዘኝ። እጁን ቀስ ብዬ አስለቅቄ ከእናትየው አጠገብ ተቀመጥኩና ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። እናትየው ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና ቀና አሉ።

«እንግዲያው እኔም የምጠይቀው አለኝ» አሉ።

ልጃቸው እንደሚለው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲታከሙ ሐኪም ጠይቀው አያውቁም። የዚያን ቀን ሰባት ጥያቄ ጠየቁ። ሰባቱንም ተረጎምኩላቸው።