የቨርና ድምፅ፣ የሌላዋ መልክ

ቨርና በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ስትዘፍን የኖረችው ለሌሎች ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ራስልን ያሳደገችው በዚሁ ሥራ ነበር። ድምፁ የእሷ፣ መልኩ የሌላ ሰው። ሥራው እንዲህ ስለሆነ ማንም አይገረምበትም።

ወጣቱ ሁሉ ጸጉሩን ባስረዘመበት እ.ኤ.አ. በ1967 ጸደይ፣ ስለ አበባና ስለ ሰላም አንድ ዘፈን ዘፈነች። ሸክላው ሲወጣ ግን ሽፋኑ ላይ የነበረችው ጸጉሯ ወገቧን የሚነካ አንዲት ቆንጆ ልጅ ናት። በቴሌቪዥንም ልጅቷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ቨርና ምድጃው አጠገብ ቆማ ታያለች።

«ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ» ብሏት ነበር የሸክላው አሳታሚ፣ «በዚህ ከተማ ማይክሮፎን ፊት የሚያቆምሽ አታገኚም።»

ምስጢሩን ጠበቀች። ራስል ከአፉ ያመልጠዋል ብላ ለእሱም አልነገረችውም። እሱ እናቱ የምትዘፍነው ለሳሙና ማስታወቂያ ብቻ ይመስለው ነበር። ዘፈኑ አገር ምድሩን ሲያጥለቀልቀው፣ የልጅቷን ፎቶ አልጋው ራስጌ ለጠፈ።

ራስል ወደ ቬትናም ሊዘምት ሰሞን፣ ቨርና ሳህን እያጠበች ዘፈኑን ማንጎራጎር ጀመረች።

«እማ፣ በናትሽ ተይው!» ብሎ ጮኸ ከሳሎን። «አንቺ ሳሙናሽን ዝፈኚ፤ ይቺን ለባለቤቷ ተይላት!»

እጇን አደራርቃ ልትነግረው በሩ ድረስ ሄደች። ራስል ቦት ጫማውን እየወለወለ ብቻውን ይስቃል። ሲመለስ እነግረዋለሁ፣ ያኔ አብረን እንስቃለን ብላ ተመለሰች።

ራስል አልተመለሰም።

በዓመቱ ክላይድ የሚባል የጦር ጓደኛው እያነከሰ ሊጠይቃት መጣ። የፖም ኬክ አቀረበችለት።

«ያቺ ዘፈን በሬዲዮ ከመጣች ማናችንንም አያስተነፍሰንም ነበር» አላት። «'እናቴ ሳህን ስታጥብ ይቺን ዘፈን ትገድላታለች' እያለ ያስቀን ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ቨርና።»

«ምን ይቅርታ አለው፤ ብሎኛል።»

«እስቲ ትንሽ ይግደሏትና ልስማ።»

ቨርና ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በመዳፏ እየሰበሰበች፣ ያን ጊዜ ማይክሮፎኑ ፊት እንደዘፈነችው ዘፈነችለት። ክላይድ ሹካውን አስቀመጠ።

«ራስል ዋሽቶናል! ቁርጥ ልጅቷን'ኮ ነዎት!»

ለልጇ ያልነገረችውን ለእንግዳ መንገር አልሆነላትም።

«ብዙ ስለሰማሁት ነው» አለችና ሌላ ኬክ ቆረጠችለት።